ቁራ ያልነካው ሩዝ

የሱዳም እናት ጋያባይ የሞተችው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሻይዋን ወደ ማስቀመጫው ሳህን ገልብጣ እፍ ስትል ነው። እፍ ያለችው ትንፋሽ ተመልሶ አልገባም። ምራቷ ሻላን ሳህኑን ከእጇ ስትወስድ ሻዩ ገና ትኩስ ነበር። ሰባ አራት ዓመቷ ነበር፤ እግሮቿ ከድተዋት አልጋ ላይ ከዋለች ደግሞ ሰባት ዓመት። መንደሩ «ተገላገለች» አለ። መንደር ሌላ ምን ይላል።

ሱዳም አላለቀሰም። አንድ ወንድ ልጅ እናቱ በሞተችበት ቀን ማልቀሻ ጊዜ የለውም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን መለኮስ አለበት። ደግነቱ ፓንዱ ነበር። ፓንዱ ጎረቤት ነው፤ ለሰርግ የሚጠራው የለም፣ ሰው ሲሞት ግን ከዘመድ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። የሻላን ጩኸት ሳያባራ አንዱን ለቀርከሃ፣ አንዱን ለእንጨት፣ አንዱን ለአዲስ ገንቦ ልኮ፣ ራሱ ኩበቱን አንድ በአንድ እያነሳ ማሽተት ጀመረ።

«ደረቅ ነው» አለ። «ባለፈው የባቡን ሚስት በእርጥብ ኩበት ስንሸኛት፣ እሷስ ሞታ አረፈች፣ ጭሱ ሊገድል የነበረው እኛን ነው። ሱዳም፣ አንተ ቁጭ በል። ዛሬ ሥራህ አንድ ነው፣ እሱም ወንዙ ዳር ነው።»

ጓዳ ውስጥ የእናቱ ታናሽ እህት ሂራባይ ሬሳውን ታጥባለች። ሻላን ነጭ ሳሪ ፍለጋ የሟቿን ሣጥን ከፍታ ነበር፤ ጥቂት ቆይታ ባሏን በዓይኗ ጠቀሰችው። እጇ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተፈታ አረንጓዴ ሳሪ ነበር፤ በላዩም በጋዜጣ የተጠቀለሉ አረንጓዴ የብርጭቆ አምባሮች።

«ከነጩ ሥር ነው ያገኘሁት» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አዲስ ናቸው። በፊት አንድ ጊዜ አምባር ሻጯ መጥታ ከእማ ጋር ስትንሾካሾክ ለልጃችን መስሎኝ ነበር። ባል የሞተባት ሴት አረንጓዴ ምን ያደርግላታል?»

«መልሺው።»

«ሱዳም…»

«ነጩን አምጪ። ያንን መልሺው አልኩሽ።»

አክስቱ ሂራ ባዶ ማሰሮ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አረንጓዴውን አየች፤ ሱዳምንም አየችው፤ የሆነ ነገር የምትጠብቅ መሰለች። ሱዳም ፊቱን ሲያዞር ማሰሮዋን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

አረንጓዴ ባል ያላት ሴት ልብስ ነው። የጋያባይ ባል ከተቃጠለ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ያቃጠለውም ሱዳም ራሱ ነው። ያቃጠለው ግን ሰውየውን አልነበረም።

አባቱ ማሩቲ፣ ሱዳም አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ከተሳላሚዎች ጋር በእግሩ ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ወደ ፓንዳርፑር ሄደ። ተሳላሚዎቹ ተመለሱ፤ እሱ አልተመለሰም። ወንዝ ወሰደው ያለ አለ፤ ሴት ወሰደችው ያለም አለ። ከሄደ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላ የማሩቲ ወንድሞች ተሰብስበው «ያልተቃጠለ ሰው ይንከራተታል፣ ቤቱንም ያንከራትታል» አሉና ሊሸኙት ቆረጡ። ሬሳ ስላልነበረ፣ እንደ ወጉ ሰው ከሣር ተሠራ። ለአምልኮ የሚታጨደው ሣር አጥንት ሆነ፣ ቅጠል ቆዳ ሆነ፣ ኮኮናት ራስ ሆነ። የዐሥራ ሰባት ዓመቱ ሱዳም እሳቱን ለኮሰ። ኮኮናቱ ሲፈነዳ የሰማው ድምፅ ከዚያ ወዲህ ከጆሮው ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ የባሰው ግን ቤት ሲመለስ ያየው ነው። ሴቶቹ የእናቱን አረንጓዴ አምባሮች በድንጋይ ሲሰብሩ አንዱ ስባሪ የእጇን አንጓ ቆርጧት ደሙ እስከ ክርኗ ወርዶ ነበር። አላለቀሰችም። «ልጄ ከጠዋት ጀምሮ አልበላም፣ የሚበላ ስጡት» አለች እንጂ። ሱዳም አባቱን አጥብቆ የጠላው በሄደ ጊዜ አይደለም፤ ያን ቀን ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በጠራራ ቀትር አንድ ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆመ። አንገቱ ላይ የተሳላሚ መቁጠሪያ አጥልቋል፤ ጫማውን ከደፉ ውጭ አውልቋል። ሱዳም ወዲያው አወቀው። የገዛ አፍንጫውን እንዴት ይሳተው።

«ሱዳም ነህ?» አለ ሽማግሌው።

«ምን ፈልገው ነው?» አባቱን አንቱ አለው፤ ለማያውቀው መንገደኛ እንደሚባለው። ሽማግሌውም ገባው።

«አባትህ ነኝ።»

«አባቴን አቃጥዬዋለሁ። አመዱን ወንዝ ውስጥ የበተንኩትም እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ዓይኑን ደፉ ላይ ጣለ። «እውነትህን ነው» አለ። «ፓንዳርፑር ተሳላሚዎች የሚያርፉበት ቤት ውሃ እቀዳለሁ። ልግባ አልልህም። ጋያ… ደህና ናት?»

ጋያ ከግድግዳው ወዲያ፣ መስኮቱ ሥር፣ አልጋዋ ላይ ነበረች። ሱዳም እንቅልፍ ወስዷት ነበር ትቷት የወጣው። ያ ደም የወረደበት ክንድ ዓይኑ ላይ መጣበት፤ እንዴት እንደተናገረው እስከ ዛሬ አያውቅም።

«ሞታለች» አለ። «ሁለት ዓመት ሆናት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሽማግሌው አላለቀሰም፣ አልተከራከረም። ወደ ግቢው ጉድጓድ ሄደና መርዶ የሰማ ሰው እንደሚያደርገው ልብሱን እንደለበሰ በራሱ ላይ ውሃ አፈሰሰ። ሦስት ባልዲ። ከዚያ ጫማውን በእጁ ይዞ እየተንጠባጠበ ሄደ። የእግሩ ኮቴ ደፉ ፊት ባለው ድንጋይ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ሱዳም ፀሐይ እስክታደርቀው ድረስ ቆሞ ጠበቀ።

ያን ምሽት ሻላን ፋኖሱን ስታበራ እናቱ ከአልጋዋ «ሱዳም፣ ዛሬ ማን መጣ?» አለችው።

«ማንም» አላት።

በማግስቱም ጠየቀችው፤ በሦስተኛውም ቀን። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ መብራት በበራ ቁጥር፣ «ዛሬ ማን መጣ?»፤ «ማንም።» አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንግዳ ይናፍቀዋል ብሎ ራሱን አታለለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያሉ ሰዎች የሱዳምን ሆድ ከፍተው ቢያዩት ኖሮ ተረቱን ይተውት ነበር።

እንግዲህ በነጩ ሳሪ ወሰዷት። ባል እያላት፣ ባል እንደሞተባት ሴት ሆና፣ ቀርከሃው ላይ ተጋድማ ሄደች። ወንዙ ዳር ሱዳም ውሃ የሞላ ገንቦ በትከሻው ይዞ እንጨቱን ዞረ፤ በአንድ ዙር አንዴ ፓንዱ ከኋላው በጠጠር ገንቦውን ይበሳዋል። ውሃው በጀርባው ሲወርድ ሱዳም በዚያ ቀትር እየተንጠባጠበ የሄደው ሰው ትዝ አለው። ሦስተኛው ዙር ላይ ገንቦውን ወደ ኋላ ጣለው፤ ተሰበረ። እሳቱን ለኮሰ። ነጩ ሳሪ ከዳር ጀምሮ ጠቆረ።

«ወደ ኋላ እንዳታይ» አለው ፓንዱ ሲመለሱ። «ገንቦውን የበሳሁባትን ይህችን ጠጠር ደግሞ ያዝ። እስከ ዐሥረኛው ቀን የእናትህ ነፍስ ማረፊያ እሷ ናት። የባቡ ልጅ ጥሏት ሁለት ቀን ሙሉ ጠጠር ለቀማ አውሎናል፤ እኔ አሁን ለዚያ የሚሆን ወገብ የለኝም።»

ሱዳም ጠጠሯን በጨርቅ ቋጥሮ ጣራው ማገር ላይ ሰቀላት። አልጋዋ የነበረበት ቦታ ላይ ሻላን ዱቄት ነሰነሰች፣ መብራት አስቀመጠችበት፣ ሰፌድ ደፋችበት። የሄደች ነፍስ ነገ የምትወለድበትን ነገር ኮቴ ዱቄት ላይ ትታ ትሄዳለች። ጠዋት ሰፌዱን ሲያነሱ ዱቄቱ ላይ የወፍም፣ የላምም፣ የሰውም ኮቴ አልነበረም። ከላይ ጠብታ የወደቀበት ይመስል ትንንሽ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ዝናብ ከቆመ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ጣራውም አያፈስም።

«እንሽላሊት ነው» አለች ሻላን።

«እንሽላሊት» አለች ሂራም፣ ሱዳምን እያየች። አክስቱ እስከ ዐሥረኛው ቀን ልትቆይ ቀርታ ነበር።

እነዚያን ቀናት ሱዳም ከግቢ አልወጣም፤ ሐዘንተኛ አይወጣም። ቀትር ላይ ጉድጓዱ ዘንድ ባልዲ ሲደፋ ይሰማዋል፤ ሮጦ ሲወጣ ባልዲው እንደተደፋ ደርቆ ያገኘዋል። በሰባተኛው ምሽት ሻላን ፋኖሱን ስታበራ፣ ቤቱ ጸጥ እንዳለ፣ ሱዳም ጮክ ብሎ «ማንም» አለ።

«ማን ጠየቀህ?» አለች ሻላን።

ፈርቶ ነበር። የፈራው እናቱን አልነበረም፤ በዐሥረኛው ቀን ወንዝ ዳር የሚጠብቀውን ነገር ነው።

በዐሥረኛው ቀን ሟች ይመገባል። ጸጉሩንና ጺሙን ተላጭቶ፣ ጠጠሯን ፊቱ አስቀምጦ፣ ሱዳም በድንጋዩ ደረጃ ላይ ጥቁር ሰሊጥ የተነሰነሰበት የሩዝ እንክብል በቅጠል አኖረ። ቁራ ወርዶ ከነካው፣ ሟች ደስ ብሏት ሄዳለች። ካልነካው የቀራት ነገር አለ ማለት ነው። ቁራ እንደሆነ ችግር አልነበረም፤ ከደረጃው በላይ ያለው ዋርካ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ተሞልቷል። ከጎናቸው የመጡ ሌላ ቤተሰቦች እንክብላቸውን ገና ከማስቀመጣቸው ሦስት ቁራ ወርዶ ጠራርጎላቸው ሄዱ።

«የእነሱ ሟች ሆዳም ነበር፣ አውቀዋለሁ» አለ ፓንዱ።

የጋያባይን ሩዝ ግን የሚያየው ቁራ ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ሻላን እጇን አጣምራ ወደ ፊት ወጣች። «እማ፣ ላምሽን አንሸጣትም። በገዛ እጄ እያጠጣሁ አኖራታለሁ።» ቁራዎቹ ላባቸውን ያበጥራሉ። ፓንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋያባይ፣ በአጥርሽ ላይ የሚመጣውን የማንጎ ቅርንጫፍ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ነፋስ ነው ያልኩሽ ውሸት ነበር። ሁለተኛ አይለምደኝም። በይ ብዪ።» ሰው ፈገግ አለ፤ ቁራ ግን አልወረደም። ሂራ እህቷ ጥርሷን የምታሽበትን የተቆላ ትምባሆ ከቅጠሉ ጎን ቆንጠር አድርጋ አኖረች።

«ሱዳም፣ አንተስ?» አለ ፓንዱ።

«ልጄን… የልጅ ልጅሽን በደንብ እድራታለሁ» አለ ሱዳም። ድምፁ ለራሱም ቀጥኖ ተሰማው። ምን እንደምትፈልግ ያውቃል። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቦ፣ እናቴን በሐሰት ልብስ አቃጠልኳት፣ አባቴን ከደጄ አባረርኩት ማለት እንዴት ይቻላል? ነገ በዚህ መንደር በየትኛው መንገድ ይሄዳል? ዝም ካለ ደግሞ እናቱ በዚያች ጠጠር ላይ ቀረች፤ በየቀትሩ ባልዲ ሲደፋ እየሰማ ሊኖር ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ካህኑ ሰማዩን አይተው ተቀመጡና ከከረጢታቸው ሣር አወጡ።

«ጉሩጂ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ ሱዳም።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀ አይሆንም። ቁራ አልመጣም ሲል ከሣር ቁራ ሠርተን እናስነካዋለን። ወጉ ነው፣ ይቆጠራል።»

ሰው ሁሉ እፎይ አለ። የካህኑ ጣቶች ሣሩን እያጠፉ ክንፍ አወጡለት፤ ቋጠሩ፣ አንገት አወጡለት። ሱዳም ዓይኑን መንቀል አልቻለም። ያው ሣር ነው። በዚህ ሣር አባት ሠርተው ሰጡት፣ እሱም አቃጠለው፤ በኋላ እውነተኛው ሲመጣ የሣሩን አመነ። አሁን ደግሞ የሣር ቁራ እናቱን ጠገበች ሊልለት ነው።

«ተዉት» አለ።

«ምን አልክ?»

«ሣሩን ተዉት፣ ጉሩጂ።» ወደ እንክብሉ ቀረበና ተንበረከከ። የተላጨው ራሱ ላይ ፀሐይዋ ታቃጥለው ነበር። «እማ» አለ፤ «ዛሬ ማን መጣ ብለሽ ስትጠይቂኝ ማንም ስል ኖርኩ። አባ መጥቶ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት። በራችን ላይ ቆሞ ነበር፤ አላስገባሁትም።»

ከዋርካው አንድ ቁራ ተነሳ፤ አሮጌ፣ አንድ ላባው የተሰበረ። ደረጃው ላይ አረፈ። ዘለል ዘለል እያለ እስከ ጠጠሯ መጣ። አንገቱን አጋድሞ ሱዳምን አየው፤ ሩዙን አየው፤ አልነካውም። ቆመ።

ሱዳም የሚቀረውን ያውቃል። እንባው የመጣው ያኔ ነው፤ ዐሥር ቀን ሙሉ የት ቆይቶ እንደሆነ እንጃ።

«ስለ አንቺ ጠየቀኝ። ደህና ናት ወይ አለኝ። ሞታለች አልኩት። አንቺ ውስጥ ተኝተሽ፣ ሞታለች ብዬ አረዳሁት። ታጥቦ ሄደ።»

ቁራው አንድ እርምጃ ሄደ። ከእንክብሉ ጫፍ ቆንጥሮ ዋጠ፣ ደገመ፣ ከዚያ አንድ ጉርሻ በአፉ እንደያዘ ወንዙን ተሻግሮ በረረ። ካህኑ የጀመሩትን ሣር ፈተው ውሃ ላይ ጣሉት።

ሰዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ሲበተኑ ሂራ ደረጃው ላይ ከሱዳም አጠገብ ተቀመጠች።

«ሰምታ ነበር» አለችው።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ አንተም ከልጅነትህ ጀምሮ ቀስ ብለህ መናገር አታውቅበትም። ውሃ ሲያፈስ ባልዲውን ሳይቀር ቆጥራዋለች። ሦስት።»

«እና ለምን አልተጣራችም? አንድ ቃል ብትል ይሰማት ነበር።»

«እኔም ይህንኑ ብዬ ተቆጣኋት። ‹ልጄን በአባቱ ፊት ውሸታም ላድርገው?› አለችኝ። ‹ተዪው ሂራ፣ ንዴቱ ሲበርድለት ራሱ ይነግረኛል። ያን ቀን አረንጓዴዬን ለብሼ፣ ሂድና አምጣው እለዋለሁ› አለች። አምባር ሻጯን የላክኋት እኔ ነኝ። እንዳልናገር በአንተ ሕይወት አስምላኛለች።»

«በየማታው ትጠይቀኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ልጠይቃት ስመጣ፣ ‹ዛሬ ይነግረኛል› ትለኝ ነበር። ያን ቀን ሻላን ሳሪውን ስታወጣ በር ላይ ቆሜ አፍህን አፍህን አየሁህ። አንተ መልሺው አልክ፤ እኔም የማልኩት ጠፈረኝ። አለበስኳት፣ በገዛ እጄ። የኔም ኃጢአት ነው ልጄ፣ ያንተ ብቻ አይደለም።»

ለማጽናናት ብላ ነው የተናገረችው። ሱዳም ግን ስድስት ዓመት ስንት ምሽት እንደሆነ ማሰብ ጀምሮ ነበር፤ በእያንዳንዱ ምሽት አንዲት ሴት ልጇን በጥያቄ ደጅ ስትጠናው፣ እሱም ደጋግሞ በሩን ሲዘጋባት። ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሂራ ጀርባውን እያሻሸች ተወችው።

ወጉ ሁሉ አልቆ በዐሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ሱዳም ወደ ፓንዳርፑር የሚሄደውን አውቶቡስ ለመጠበቅ መንገድ ዳር ቆመ። መንደርተኛው ሲያልፍ ያየዋል፤ ሰላም የሚለው አለ፣ የማይለውም አለ። ሻላን አረንጓዴውን ሳሪና አምባሮቹን በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች።

«በሕይወት ባይኖርስ?» አለችው።

«መኖር አለመኖሩን አውቄ እመለሳለሁ።»

«ካለስ? ምን ትለዋለህ?»

«እማ ሞተች…» ብሎ ጀመረና አቋረጠ።

አውቶቡሱ በአቧራ መሃል ብቅ አለ። ሻላን መልሱን እየጠበቀች ቋጠሮውን አልለቀቀችም።

«መሞቷንማ ነግሬዋለሁ» አላት። «አሁን የምነግረው እስካለፈው ማክሰኞ በሕይወት እንደነበረች ነው።»

ይህን ሲል የተሳሳተው ሳምንቱን ብቻ ነበር፤ ማክሰኞው ያለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ሻላን አላረመችውም። ቋጠሮውን አቀበለችውና ተሳፈረ።